አንገቴንም እንቅልፌንም ለመለሰችልኝ ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጽፈው አንዲት ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመምን በእጅና በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ፣ ለማመስገን ነው። እንደኔ አንገትና ትከሻው ደርቆ የሚያድር ሰው ካለም ወደ እሷ እንዲሄድ ልጠቁም ብዬ ነው።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሙያው ያላችሁ ሰኔ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ቆጠራ አለ፣ ኦዲተር ይመጣል፣ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ግብሩ ይከተላል። በዚያ ሰሞን አንገቴ ወደ ግራ አልዞር አለኝ፣ ራስ ምታቱ ከማጅራቴ ተነስቶ ግንባሬ ላይ ይቀመጣል፣ ሌሊት ጥርሴን እያፋጨሁ ባለቤቴን እቀሰቅሰዋለሁ፣ እኔ ራሴ ደግሞ ከነቃሁ በኋላ ጣሪያ ሳይ ይነጋል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ማስታገሻ ተሰጠኝ። ስውጠው ይሻለኛል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። እንቅልፍሽ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ጋ ስሄድ ግን እሷ አንገቴን ከመንካቷ በፊት ጠየቀችኝ። «ስትተነፍሺ የሚነሳው ደረትሽ ነው ሆድሽ?» አለችኝ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ሳየው ሆዴ ንቅንቅ አይልም፤ ትንፋሼ ሁሉ ከላይ ከላይ ነው።

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሰውነታችን ከኋላው ጅብ ሲመጣበትም፣ የሪፖርት ቀን ሲደርስበትም የሚያደርገው አንድ ነው። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል፣ ጡንቻ ለሩጫ ወይም ለትግል ይወጠራል። ጅቡ ከሄደ ሁሉም ይረጋጋል። የቢሮ ጭንቀት ግን በየቀኑ ስለሚመጣ ኮርቲዞል የሚባለው ሌላው የጭንቀት ሆርሞን ቶሎ አይወርድም፣ ጡንቻውም እንደተወጠረ ይከርማል። የኔ አንገት ይኸው ነበር።

ያስተማረችኝ ነገር ቀላል ነው፤ ጡንቻን ተራ በተራ ወጥሮ መልቀቅ። ጀርባን አስደግፎ መቀመጥ ወይም መተኛት። ጡጫን ለጥቂት ሰከንድ ጨበጥ፣ ከዚያ በአንዴ ልቀቅ፣ ልዩነቱንም በደንብ ማዳመጥ። ቀጥሎ ክንድ፣ ትከሻን ወደ ጆሮ ሳብ አድርጎ መልቀቅ፣ ግንባር፣ መንጋጋ፣ ሆድ፣ ጭን፣ እግር። የሚያምም ቦታ አይወጠርም። ትንፋሹ በአፍንጫ ወደ ሆድ ይገባል፣ ሲወጣ ከገባበት ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም በዝግታ ስናስወጣ የልብ ምትን የሚያረጋጋው ነርቭ ሥራውን ይሠራል። ዘዴውን የጀመረው ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ። መቶ ዓመት ያህል የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ማንም ሳይነግረኝ መቆየቱ ያሳዝነኛል።

እኛ ዘንድ የተጨነቀ ሰው የሚሰማው ምክር «አታስቢ፣ እርሺው» ነው። ከፍቅር የሚባል ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ሐሳብ እንዲህ ሲባል መች ይሄዳል? ይኼኛው መንገድ አእምሮን አይለማመጥም። መጀመሪያ ጡንቻውን ትፈቺዋለሽ፣ ከዚያ ሐሳቡ ራሱ ይለዝባል። በእርግጥ ወዲያው አልሆነልኝም፣ መጀመሪያ ሰሞን ምንም አልተሰማኝም ነበር። ቀድሞ የተለቀቀው መንጋጋዬ ነው፣ ከዚያ እንቅልፌ መጣ፣ አንገቴ መጨረሻ ላይ። ሥራዬ አልቀነሰም። አሁን ግን ኮምፒውተር ላይ ሆኜ ትከሻዬ ሽቅብ ሲወጣ ያስታውቀኛል፣ እዚያው አወርደዋለሁ።

ሌላው የወደድኩላት ሐቀኝነቷ ነው። በማሳጅ ብቻ ማመላለስ ትችል ነበር፣ እሷ ግን ቤቴ ሆኜ ራሴ እንድሠራው አስተምራ ለቀቀችኝ። የደም ግፊቴንም ለካችኝ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተሻለኝ ብሎ በራሱ እንዳያቆም፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ተስፋ የመቁረጥ ስሜት የበረታበት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም እንዲያይ አጥብቃ ትናገራለች።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ።

ስሟንና ስልኳን ሳላስፈቅዳት አደባባይ ላይ አላወጣም። የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ሰፋ ያለ ልብስ ልበሱ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለም ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።