ፈረንሳይን በአማርኛ ላሳየን አስጎብኚ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ከረማችሁ።

ይህን የምጽፈው አንድ ወንድማችንን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ፈረንሳይን ለማየት፣ በተለይ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ለማየት የምታስቡ ካላችሁም ከእሱ ጋር ሂዱ ልላችሁ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ቱር በምትባለው ከተማ የሚኖር አስጎብኚ ነው። የነገሥታቱን ቤተ መንግሥቶች፣ ካቴድራሎቹንና የሁለቱን የዓለም ጦርነቶች የጦር ሜዳዎች በአማርኛ ያስጎበኛል። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ የሰው ስልክ በየቦታው ሲዞር ደስ አይለኝም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

መኪናው ሹፌሩን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው የምትይዝ ሚኒባስ ናት። ሹፌሩም አስጎብኚውም እሱ ነው። ስለዚህ ከስምንት ሰው በላይ አይወስድም። ከእኛ ጋር ከስቶክሆልም የመጡ ባልና ሚስት፣ ከሜሪላንድ የመጡ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። እኔ ከፍራንክፈርት፣ አባቴና እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ። ብዙም ሳንቆይ አንዱ የሌላውን ቦርሳ የሚይዝ ቤተሰብ ሆንን።

የቡድኑ ማነስ ምን ያህል ለውጥ እንዳለው የገባኝ ቀደም ሲል በትልቅ አውቶቡስ ኖርማንዲ ሄጄ ስለነበር ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ያኔ ግማሹ ጊዜያችን ሰው በመቁጠርና ሽንት ቤት ሰልፍ በመጠበቅ አለቀ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች መቃብር ጋ ስንደርስ ደግሞ ፎቶ አንስተን ሮጠን እንድንመለስ ተነገረን። ከዘጠኝ ሺህ በላይ ወጣቶች የተኙበት ቦታ ላይ መሮጥ! እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይኼኛው ወንድማችን ግን ሰዓት አይቶ ሰው ሲያጣድፍ አላየሁትም።

መጀመሪያ የወሰደን ሻርትር የምትባል ከተማ ነው። እናቴን ያሸነፋት እዚያ ነው ማለት ይቻላል። በካቴድራሉ ውስጥ የእመቤታችን ነው ተብሎ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲከበር የኖረ ልብስ አለ። የድሮውን ሕንፃ በ1194 እሳት በላው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) የከተማው ሰው ልብሱም አብሮ የተቃጠለ መስሎት አዝኖ ሳለ ካህናቱ ከምድር ቤቱ ይዘውት ወጡ ይባላል፤ ሕዝቡም ይህን አይቶ ነው የዛሬውን ካቴድራል ለመሥራት የተነሳው። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። እሱም "እማማ፣ እስኪበቃዎት ድረስ ይጸልዩ፣ ማንም አይጠራዎትም" አላት። እኛን ወስዶ ሰማያዊዎቹን የመስታወት ሥዕሎች ያሳየን ጀመር። የጉልበት ሕመም ስላለባት ወንበሩ የት እንዳለ ቀድሞ አሳይቷታል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ለእኔ ግን ትልቅ ናት።

እዚያው ቆመን የነገረንን ታሪክ አልረሳውም። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ መስታወቶቹ አንድ በአንድ ተነቅለው ሩቅ ቦታ ተሸሸጉ። ሕንፃው ግን የት ይሸሸጋል? በኦገስት 1944 የአሜሪካ ጦር ሻርትር ሲደርስ፣ ጀርመኖች ማማው ላይ ሆነው ይመለከቱናል ተብሎ ካቴድራሉ በመድፍ ሊመታ ነበር። ዌልቦርን ግሪፊዝ የሚባል የቴክሳስ ሰው፣ ኮሎኔል ነው፣ ገብቼ ልይ አለ። ሹፌሩን ይዞ ገባ፣ ፈተሸ፣ የጀርመን ወታደር አላገኘም። ትእዛዙም ቀረ። ኮሎኔሉ በዚያው ቀን፣ ኦገስት 16፣ ሌቭ በምትባል እዚያው አጠገብ ባለች መንደር ተገደለ። ይህን ሁሉ የተረከልን ማማዎቹ ሥር አቁሞን፣ ወደ ላይ እንድናይ አድርጎ ነው። ሲጨርስ ሁላችንም ዝም አልን።

የዚህ ሰው ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ቤተ መንግሥቱን ለብቻ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ለብቻ፣ ጦር ሜዳውን ለብቻ አድርጎ አይተርክም። አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል። ሻርትር ላይ ስለ ጦርነት ያወራችኋል፣ ጦር ሜዳው ላይ ስለ ጸሎት። የተማሪ ቤት መጽሐፍ ታሪክ ለሰለቸው ሰው እንዲህ ያለ አስተማሪ በየት ይገኛል?

ሻምቦርን ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ነው የገባነው፣ ሰው ሳይበዛ። ፍራንሷ ቀዳማዊ በ1519 ያስጀመረው ቤተ መንግሥት ነው። መሐሉ ላይ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ደረጃዎች አሉ፤ በአንዱ የሚወጣና በሌላው የሚወርድ ሰው በመስኮቶቹ ይተያያል እንጂ አይገናኝም። እህትማማቾቹ እንደ ሕፃን ሲሳሳቁ ወጡ ወረዱ። በ1939 ከሉቭር ሙዚየም የወጡት ሥዕሎች፣ ሞና ሊዛም ጭምር፣ መጀመሪያ የመጡት እዚህ ነበር። አምቧዝንም አየን፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሞተባትን ከተማ። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ይህ ቀን ከቆንጆ ፎቶ ብዙም አልዘለለም፣ ሽኖንሶ እስክንደርስ ድረስ።

ሽኖንሶ ሼር በሚባለው ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ የተሠራ ቤተ መንግሥት ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ንግሥት ካትሪን ዴ ሜዲቺና ስለ ንጉሡ ውሽማ ስለ ዲያን ፉክክር ነው። የእኛ አስጎብኚ እሱን ቶሎ ጨርሶ ወንዙ ላይ ያለው ረጅሙ አዳራሽ ውስጥ አቆመን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አዳራሹ ሆስፒታል ነበር። ከሁለት ሺህ በላይ ቁስለኞች ታክመውበታል። አባቴ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቆመ፤ እሱ በሶማሌ ጦርነት ጊዜ የሠራዊቱ ድሬሰር ነበርና። አልጋዎቹ እንዴት ተደርድረው ነበር፣ ቁስለኛው በምን ይመጣ ነበር፣ ውሃ ከየት ነበር እያለ ጠየቀ። አስጎብኚያችንም "አባባ፣ እርስዎ ይንገሩን እስቲ፣ በእናንተ ጊዜ እንዴት ነበር?" አለው። አባቴ ለእኛ ለልጆቹ ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ባዕድ አገር፣ ወንዝ ላይ ቆሞ ተናገረ። ስለ ፋሻ እጥረት፣ ስለ ሌሊት ጉዞ። እኔ ለዚህ ብቻ ብዬ ይህን ልጅ ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ።

ያው አዳራሽ በሁለተኛው ጦርነት ሌላ ታሪክ አለው። ወንዙ ጀርመን የያዘችውን ፈረንሳይና ያልያዘችውን የሚለይ ድንበር ሆኖ ነበር። ዋናው በር በተያዘው ወገን፣ የአዳራሹ የደቡብ በር ደግሞ በነፃው ወገን። በዚያ አዳራሽ አልፈው ያመለጡ ሰዎች አሉ። በሩን ስታዩት ተራ በር ነው።

ኖርማንዲን ደግሞ በባሕሩ ሰዓት ነው ያቀደው። እዚያ ውሃው በቀን ሁለቴ በጣም ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። በጁን 6 ቀን 1944 አሜሪካኖቹ ኦማሃ የተባለው ዳርቻ የወረዱት ውሃው ሸሽቶ ሳለ ነው፣ ጀርመኖች አሸዋው ላይ የተከሉት ብረትና እንጨት ጀልባ እንዳያሰጥም በዓይን እንዲታይ። ዋጋው ግን ባዶ ሜዳ ላይ ከላይ ሲተኮስባቸው መሮጥ ነበር። እሱም ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት ከሰንጠረዡ አይቶ በዚያ ሰዓት አደረሰን። ውሃው ጫፍ ድረስ ሄደን ዞረን ኮረብታውን አየነው። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በአውቶቡሱ ጊዜ ውሃው ሞልቶ ስለነበር ጠባብ መዝናኛ ዳርቻ ነበር የመሰለኝ።

እዚያ አሸዋ ላይ ስለ ዋቨርሊ ውድሰን ነገረን። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ድሬሰር። ትላልቅ ፊኛዎች ወደ ሰማይ እየለቀቀ የጠላት አውሮፕላን ዝቅ ብሎ እንዳይበር የሚከላከል 320ኛ የተባለ የጥቁሮች ሻለቃ ነበር፤ የዚያ አባል ነው። ገና ሳይወርድ ቆሰለ። ቆስሎም ለ30 ሰዓታት ያህል ሌሎችን ሲያክም ዋለ፣ አደረ። ብዙዎች ሕይወታቸውን ያተረፈላቸው እሱ ነው። በ2005 ሞተ፤ የአሜሪካ ጦር ሁለተኛውን ትልቅ የጀግንነት ሜዳሊያ የሰጠው ግን በ2024 ነው። አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። ምንም አላለም።

የአሜሪካኖቹ መቃብር ላይ ነጫጭ መስቀሎቹ ፊታቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አገራቸው ነው። ከዚያ ላ ካምብ ወደሚባለው የጀርመኖች መቃብርም ወሰደን። ከ21,000 በላይ ሰዎች ናቸው እዚያ ያሉት፣ ብዙ የቱሪስት አውቶቡሶች ግን አይቆሙበትም። እናቴ "እነሱም የእናት ልጆች ናቸው" ብላ አማተበች። ፍራንክፈርት ስለምኖር ይሆናል፣ ለእኔ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ከመሐላቸው ገና አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው አሉ።

ሬምስ ከተማ የገባነው ዝናብ እየዘነበ ነው። የፈረንሳይ ነገሥታት ዘውድ ይደፉበት የነበረው ካቴድራል በ1914 በመድፍ ተመትቶ ጣሪያው ተቃጥሏል፣ የፈገግተኛው መልአክ ሐውልትም ጭንቅላቱ ወድቆ ተሰባብሮ በኋላ ነው ተጠግኖ የተመለሰው። እዚያው ከተማ ውስጥ ደግሞ ጀርመን በሜይ 7 ቀን 1945 እጅ መስጠቷን የፈረመችበት ትምህርት ቤት አለ። ሁለቱንም አያችሁ ማለት ነው፣ የጦርነቱን እሳትም መጨረሻውንም።

ቬርደንን ግን ጊዜ ስጡት። በ1916 ከፌብሩዋሪ እስከ ዲሴምበር ፈረንሳይና ጀርመን የተዋጉበት ነው። መሬቱ እስከ ዛሬ የፈንጂ ጉድጓድ ነው፣ ሣር ለብሶ። ዱዎሞን ላይ ባለው የአጽም ማረፊያ ማንነታቸው ያልታወቀ የ130,000 ያህል ወታደሮች አጽም አለ፣ የፈረንሳዩም የጀርመኑም ተቀላቅሎ። በ1984 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሚተራንና የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኮል እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙት እዚያ ፊት ለፊት ነው።

ከዚያ የዱዎሞን ምሽግ ወሰደን። ፈረንሳይ ምሽጉን ከጀርመኖች ያስመለሰችው ኦክቶበር 24 ቀን 1916 ነው። ካስመለሱት መሐል ከሴኔጋልና ከጅቡቲ የመጡ አሉ፤ የጅቡቲዎቹ ጦር የሶማሌ ሻለቃ ነበር የሚባለው። ከጅቡቲ! እኛ ባቡር የምንሳፈርበት ጎረቤታችን። በዚያ ብርድና ጭቃ። አባቴ ከሶማሌ ጦር ጋር በተደረገ ውጊያ ቁስለኛ ሲያነሳ የነበረ ሰው ነው። ትንሽ ቆየና "እነዚህን ልጆች በአገራቸው ቋንቋ የሚያነሳቸው አለ?" ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚያችንም "እኔ በአማርኛ አነሳቸዋለሁ፣ አባባ" አለው። ተቃቀፉ።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልግባ። ዋጋው ከትልቁ አውቶቡስ ይበልጣል፣ አልዋሽም። ግን የመግቢያ ትኬት፣ የማደሪያ ቦታ፣ የምሳ ቦታ ሁሉ ቀድሞ ነግሯችሁ ነው የምትነሱት፤ መንገድ ላይ "ይህ ደግሞ ለብቻ ነው" የሚል ነገር አልሰማንም። ረቡዕና ዓርብ ለእናቴ የጾም ምግብ የሚሠራ ቤት ፈልጎ ነበር የሚያቆመው፣ ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሱቅ ለሱቅ መዞር ወይም ዲዝኒላንድ ለምትፈልጉ ግን ይህ ጉዞ አይሆናችሁም። በየቦታው ረጅም ጊዜ ነው የሚቆመው፣ ሁሉንም ቶሎ ቶሎ ማየት የሚወድ ሰው ይሰለቻል።

ሌላ ሰው ብትይዙም አንድ ነገር ጠይቁ፦ የአስጎብኚነት የሙያ ካርድ አለህ ወይ? ፈረንሳይ ውስጥ ሙዚየምና ታሪካዊ ሕንፃዎች ገብቶ ቡድን ለማስጎብኘት ያ ካርድ ያስፈልጋል። እሱ አለው፣ ሳንጠይቀው ነው ያሳየን።

ከእሱ ጋር የምትሄዱ ከሆነ አንድ አንድ ትንሽ ሻንጣ ብቻ ያዙ፣ መኪናዋ ትልቅ ሻንጣ አትችልም። ጥሩ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ለምሽጉ ውስጥ ደግሞ በበጋም ቢሆን ሹራብ። ጉልበት ወይም ልብ የሚያማቸው ወላጆች ካሏችሁ ገና ስታነጋግሩት ንገሩት፣ ፕሮግራሙን በእነሱ አቅም ያስተካክለዋል። ለሐምሌና ነሐሴ ሰው ስለሚበዛ ከወራት በፊት ጻፉለት። ከአገር ቤት ወላጆች ለምታመጡ ደግሞ ቪዛው ሳይወጣ ቀን አትቁረጡ፤ እኛን የቀን ለውጥ ስንጠይቀው ያለ ምንም ክርክር ነው የቀየረልን።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። አባባ ሰላም ብሎሃል። እማማ ደግሞ በርበሬ የምልክበትን አድራሻ ይላክልኝ ብላለች፣ የቤትህን አድራሻ በውስጥ ላክልኝ።