«ዕቃውን እናደርሳለን፣ ገንዘቡንም እንሰበስባለን» የሚል ውል ከመፈረማችሁ በፊት

በቴሌግራምና በፌስቡክ ዕቃ የምትሸጡ ሁሉ፣ በተለይ ለፋሲካ ገበያ የምትዘጋጁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ከማንም አድራሽ ድርጅት ጋር አትፈርሙ። እኔ 58,200 ብር እጄ ላይ ሳይደርስ ቀርቷል። ጉዳዩ በሕግ ስለተያዘ የድርጅቱን ስም እዚህ አልጽፍም፤ አሠራሩን ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። አሠራሩን ካወቃችሁ በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

የምሸጠው የቡና ዕቃ ነው። ጀበናውን ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች እየገዛሁ፣ ከስድስት ስኒና ከረከቦት ጋር አንድ ካርቶን አድርጌ በ2,800 ብር እሸጣለሁ። የምሠራው ከመኖሪያ ቤቴ ነው፤ ሱቅ የለኝም። እስከ ባለፈው ጥቅምት ድረስ የማውቀውን አንድ ሞተረኛ እየጠራሁ በየጉዞው 300 ብር እከፍለው ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ነውና በዓል ሲመጣ አይደርስልኝም።

በዚያ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው ማስታወቂያውን ያየሁት። ምዝገባ ነጻ፣ ማከማቻ ነጻ፣ ለአንድ ዕቃ 200 ብር ብቻ፣ እሱም ከተሸጠ በኋላ የሚቆረጥ። ደንበኛው ዕቃውን ሲረከብ ገንዘቡን ለሞተረኛው ይከፍላል፤ ድርጅቱ ሰብስቦ በየዓርቡ ወደ ባንክ ሂሳቤ ያስገባል። ከእኔ የሚጠበቀው ካርቶኑን ማስረከብ ብቻ ነው። ቢሯቸው ሄድኩ፤ ሥርዓት ያለው ቢሮ ነው፣ የተቀበሉኝም በአክብሮት ነው። ውሉን በችኮላ አንብቤ ፈረምኩ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓርቦች ገንዘቡ ሳንቲም ሳይጎድል ገባ። ይህን ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው «አምስት ሳምንት ከከፈሉ የታመኑ ናቸው» ብሎ ያስባል፤ እኔም እንዲሁ አስቤ ለሁለት ጓደኞቼ ጭምር ነግሬያቸዋለሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። በትንሽ ገበያ ጊዜ መክፈል ማንንም አይከብድም። መፈተኛው ገበያው ሲደራ ነው።

ገና ሲቃረብ፣ ከታኅሣሥ 10 እስከ 28 ድረስ 41 ካርቶን አስረከብኩ። በመጀመሪያው ዓርብ 15,000 ብር ገባ፤ የቀረው «በሚቀጥለው» ተባለ። በሚቀጥለው 10,000 ገባ። ከዚያ በኋላ ምክንያቶች መጡ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ለበዓል አገር ቤት ሄዳለች፤ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ እየተቀየረ ነው፤ ባንኩ ኔትወርክ የለውም። ከበዓሉ አሥር ቀን በኋላ የሂሳብ መግለጫ ላኩልኝ። 19 ደርሷል፣ 14 «ደንበኛው ስልክ አላነሳም፣ ተመላሽ»፣ 8 «በመንገድ ላይ» ይላል።

ከ41 ሰው 14ቱ ስልክ አለማንሳታቸው አልተዋጠልኝም። እነዚህ ሰዎች ፈልገው የገዙ፣ አንዳንዶቹም «ለበዓል ይድረስልኝ» ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ የደወሉልኝ ናቸው። ስልኬን አንስቼ ዝርዝሩን ከላይ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ገርጂ የሚኖሩ እናት ናቸው። ይቅርታ ለመጠየቅ ብዬ ነበር የደወልኩላቸው፤ ዕቃው ስላልደረሰዎት አዝናለሁ አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ ደርሶኛል! ከገና በፊት ነው የመጣልኝ። ብሩንም ለልጁ ቆጥሬ ሰጥቼዋለሁ። በዓሉን ያፈላሁት በእሱ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ጀበናው አያፈስም ብለው መረቁኝ። እኔ ስልኩን ይዤ ቀረሁ።

22ቱንም ደወልኩ። 13ቱ ዕቃውን ተረክበው፣ ገንዘቡን በጥሬው ከፍለዋል። አምስቱ ማንም እንዳልደወለላቸው ነገሩኝ፤ አራቱን አላገኘኋቸውም። ስለዚህ የተሸጠው 19 ሳይሆን 32 ነው። 32 በ2,800 ሲባዛ 89,600 ብር ይሆናል። የማድረሻ ሂሳባቸው 6,400 እና የከፈሉኝ 25,000 ሲቀነስ 58,200 ብር እነሱ ዘንድ ቀርቷል ማለት ነው። እነሱ ግን የ13ቱን «ተመላሽ» እና «በመንገድ ላይ» ብለው ከመዝገቡ አውጥተውታል።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ቆይቶ ገባኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ ማለት የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አይደለም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር፣ ሱቁ ጋ ስትደርስ ደውል» ነው አድራሻችን። ስለዚህ ዕቃ መድረስ አለመድረሱ የሚያልቀው በሞተረኛውና በደንበኛው የስልክ ንግግር ላይ ነው፤ ሻጩ በመካከል የለም። «ስልክ አላነሳም» የሚለው ሰበብ የሚመቸው ለዚህ ነው፤ ራሱ ሻጩ ደውሎ ካላጣራ በቀር ማንም አያጋልጠውም። እኔም ደንበኞቼን ካስረከብኩ በኋላ መደወል ትቼ ነበር። ሥራ ይቀንስልኛል ብዬ የከፈልኩበት ነገር ዓይኔን አስጨፈነኝ።

የተመለሱት ካርቶኖች ደግሞ ሌላ ታሪክ ናቸው። ከቀሪዎቹ 9 ካርቶኖች 6ቱን ብቻ አመጡልኝ። አንዱን ስከፍት የጀበናው አንገት ከሆዱ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ተቀንጥሷል። እኔ ጀበና ሳሽግ አፉን በጋዜጣ እጠቀጥቃለሁ፣ ዙሪያውን ጭድ እሞላለሁ፣ ካርቶኑን በቡናማ ፕላስተር አስራለሁ። የመጣው ካርቶን ላይ ያለው ፕላስተር ነጭ ነው። ጭዱ ግማሹ የለም። ካርቶኑ ተከፍቶ፣ ዕቃው ወጥቶ፣ እንደነገሩ ተመልሶ ገብቷል። ሁለተኛው ካርቶን ውስጥ ሦስት ስኒ ተሰብሯል። ካሳ ስጠይቅ ውሉን አሳዩኝ። በትንንሽ ፊደል፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ዕቃ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ የሚከፈለው የማድረሻ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው ይላል። ለ2,800 ብር ዕቃ 600 ብር። ፊርማዬ ከሥሩ አለ።

ሞተረኛውን ለማነጋገር ጠየቅኩ። የእኛ ሠራተኛ አይደለም፣ በየጉዞው የምንከፍለው ነው አሉኝ። በ2011 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ በአዲስ አበባ የሞተር ብስክሌት እገዳ ከወጣ ወዲህ ፈቃድ ያለው ሞተር እንደልብ አይገኝም፤ ብዙ ድርጅቶች ቢሮና የስልክ መስመር ብቻ ከፍተው ሥራውን ለግለሰብ ሞተረኞች ያከፋፍላሉ። በራሱ ክፋት የለበትም። ገንዘብ ሲጎድል ግን ድርጅቱ ሞተረኛውን፣ ሞተረኛው ድርጅቱን እያሳየ ሻጩ መሀል ላይ ይቆማል። ከመፈረማችሁ በፊት ሞተሩ የማን እንደሆነ፣ ልጁ የማን ተቀጣሪ እንደሆነ፣ ለሰበሰበው ገንዘብ ዋስ የሆነው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። 200 ብር ርካሽ መስሎ የታየኝ ሂሳቡን ስላላሰላሁ ነው። ነዳጁ፣ የልጁ አበል፣ የቢሮው ኪራይ በ200 ብር አይሸፈንም። ታዲያ ከየት ይመጣል? አንድ መቶ ሻጮች እያንዳንዳቸው 50,000 ብር ለሦስት ሳምንት ቢተዉላቸው 5 ሚሊዮን ብር ያለ ወለድ እጃቸው ላይ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ድርጅት የቆየውን ሻጭ የሚከፍለው ከአዲሱ ሻጭ ገንዘብ ነው፤ አዲስ ሻጭ መምጣት ሲያቆም መክፈልም ይቆማል። ባንክ ብድር የምንለምነው እኛ፣ ያለ መያዣ የምናበድረውም እኛው ሆነን ተገኘን።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ዕቃችሁን ለሌላ ሰው ስጡ፣ ገንዘባችሁን ግን አትስጡ። ደንበኛው በሩ ላይ ዕቃውን አይቶ በቀጥታ ወደ እናንተ ቴሌብር ወይም የባንክ ሂሳብ ያስገባ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘባችን በሦስተኛ ሰው እጅ እንዲያልፍ የሚያስገድደን ምክንያት በጣም ጠብቧል። ገንዘቡ መግባቱን በራሳችሁ ስልክ ሳታዩ ሞተረኛውን «ስጥ» አትበሉት። ደንበኛ የሚልከው የደረሰኝ ፎቶ አይበቃም፤ የተሠራ ደረሰኝ ብዙ ሰው አክስሯል። ጥሬ ገንዘብ ብቻ ያለው ደንበኛ ካጋጠመ፣ ሞተረኛው እዚያው ተቀብሎ ከራሱ ሂሳብ ያስተላልፍላችሁ። የእኔ የድሮው ልጅ አሁን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ አንድም ቀን አልተቸገርንም። የማድረሻውን 300 ብር ደግሞ ከደንበኛው ቀድሜ እቀበላለሁ። መጀመሪያ ላይ ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ፈርቼ ነበር። የሸሹት ድሮም ሞተረኛው በር ላይ ሲደርስ «አልፈልገውም» የሚሉት ናቸው።

ወደ ክልል ለምትልኩም እንዲሁ ነው። ሐዋሳም ሆነ ደሴ ገንዘቡ ሳይገባ ዕቃው መናኸሪያ አይድረስ። በአውቶቡስ ከላካችሁ የሰሌዳ ቁጥሩንና የረዳቱን ስልክ ለደንበኛው ላኩ። ጊዜ ለማይቸኩል ዕቃ ፖስታ ቤት አለ፤ ከ1886 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ደንበኛው ቅርንጫፍ ሄዶ ይረከባል። ይህን አማራጭ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

«የግድ ገንዘብ የሚሰበስብ ድርጅት ያስፈልገኛል፣ በቀን ሠላሳ ዕቃ እልካለሁ» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፣ በሥርዓት የሚሠሩም አሉ። እንግዲያውስ የንግድ ፈቃዳቸውን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸው በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ አጣሩ። እነሱ ዘንድ የሚቆየው ገንዘብ ከስንት ብር እንደማይበልጥ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ቢዘገይ ምን እንደሚቀጡ በውሉ ይጻፍ። ካሳው በዕቃው ዋጋ ይሁን። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው፤ የፈረማችሁት ያ 600 ብርም በእናንተው ላይ ይጠቀሳል። ስታስረክቡም የካርቶኑን ቁጥር፣ ዋጋውንና ቀኑን በሁለት ኮፒ አስፈርሙ፣ የታሸገውን ካርቶን ፎቶ አንሱ። እኔን አሁን የያዘኝ ማስረጃ እነዚያ የፈረሙባቸው 41 ወረቀቶችና የ13 ደንበኞች ምስክርነት ነው።

በዚሁ ችግር ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ በስልክ መጨቃጨቁን ተዉት። የሕግ ባለሙያ ሳማክር የነገረኝ፣ በአንቀጽ 1772 መሠረት ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። በጽሑፍ አዘጋጅታችሁ፣ ቀን ቆርጣችሁ፣ መቀበላቸውን አስፈርማችሁ ስጡ። በአደራ የተሰበሰበን የሌላ ሰው ገንዘብ ለራስ ማዋል ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል የሚባለውን ጥያቄ ያስነሳል፤ ይህንንም ከባለሙያ ጋር ተነጋገሩበት።

እኔ ማስጠንቀቂያዬን ሰጥቻለሁ፣ የቆረጥኩት ቀን አልፏል፣ ክሱ እየተዘጋጀ ነው። ያው ማስታወቂያ ግን ትናንት ማታ እንደገና ወጥቷል፤ ምዝገባ ነጻ፣ ማከማቻ ነጻ፣ 200 ብር፣ ክፍያ በየዓርቡ፣ «ለፋሲካ ቦታ ሳይሞላ ይመዝገቡ» ይላል። ካርቶን ያስረከባችሁ ካላችሁ፣ ዓርብን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ የደንበኞቻችሁን ዝርዝር አውጡና «ስልክ አላነሳም» ከተባለው ጀምራችሁ ደውሉ።