የተቆረጠ ደሞዜን ያስመለሰልኝ የባንክራፕሲ ጠበቃ ቢሮ

ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ የጠበቃ ቢሮ በኩል ቻፕተር 7 ባንክራፕሲ (ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው በፍርድ ቤት በኩል ከዕዳ ነፃ እንዲሆን የሚጠይቅበት ሥርዓት) አመልክቼ ነበር። ስለ አገልግሎቱ ለመጻፍ የተነሣሁት «ባንክራፕሲ ፎርም መሙላት ነው፤ ማንም ይሞላዋል» የሚሉ ወገኖች ስላሳሰቡኝ ነው።

ማመልከቻዬ ግሪንቤልት በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ማክሰኞ ጠዋት ገባ። በባንክራፕሲ ሕጉ አንቀጽ 362 መሠረት አቤቱታው ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ፣ የዳኛ ትእዛዝ ሳይጠበቅ፣ አበዳሪው መክሰስም ሆነ ስልክ እየደወለ ማስጨነቅ ወይም ደሞዝ ማስቆረጥ አይችልም። ለልጅ ቀለብ የሚቆረጠው ደሞዝና የወንጀል ክስ ግን በዚህ እግድ እንደማይቆሙ ጠበቃዋ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ነግረውኛል። በዚያው ማክሰኞ የመዝገብ ቁጥሩን የያዘ ማስታወቂያ ለአበዳሪው ጠበቃና ለመሥሪያ ቤቴ ደሞዝ ክፍል በፋክስ ላኩ፤ ፋክሱ መድረሱን የሚያሳየውን፣ ሰዓት የታተመበትን ወረቀትም ፋይሌ ውስጥ አያያዙት።

ያም ሆኖ ከሁለት ተከታታይ ደሞዞቼ ገንዘብ ተቆረጠ። እኔ አበዳሪው ችሎት በመድፈር ይቀጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ጠበቃዋ የተሻለው መንገድ ሌላ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። እግዱ ሆን ተብሎ የተጣሰበት ግለሰብ የደረሰበትን ጉዳት፣ ወጪውንና የጠበቃ ክፍያውን እንዲያገኝ ያው አንቀጽ 362 ይደነግጋል፤ እንደ ሁኔታውም መቅጫ ካሳ ሊጨመር ይችላል። «ሆን ብሎ» ለማለት ደግሞ አበዳሪው ማመልከቻው መግባቱን እያወቀ ድርጊቱን መፈጸሙ ይበቃል። በችሎት መድፈር በኩል ግን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ከዕዳ ነፃ የሚያደርገውን ትእዛዝ ስለጣሰ አበዳሪ ሲወስን፣ ድርጊቱ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል የሚያሰኝ በቂ ጥርጣሬ ካለ ቅጣት እንደማይጣል ገልጿል። ያቺ የፋክስ ወረቀት የቱን ያህል ዋጋ እንዳላት የገባኝ ያኔ ነው፤ አበዳሪው አላወቅሁም ማለት አልቻለም። ጉዳዩ ለችሎት ሳይቀርብ የሁለቱንም ጊዜ ገንዘብ መለሰ፣ የጠበቃዋንም ክፍያ ሸፈነ።

ኡበርና ታክሲ ለምትነዱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አበዳሪው ከማመልከቻው በፊት የወሰደውን መኪና ይዞ መቆየቱ ብቻውን፣ እግዱ የባለዕዳውን ንብረት መቆጣጠርን የሚከለክልበትን ክፍል እንደማይጥስ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ስለወሰነ፣ መኪናው እስኪወሰድ አትጠብቁ።

ቅሬታም አለኝ። ከማመልከቻ በፊት መወሰድ ያለበትን የብድር ምክር ኮርስ ቢሮው የነገረኝ ዘግይቶ ስለነበር ማመልከቻው ዘጠኝ ቀን ተጓተተ፤ በእነዚያ ቀናት መካከል የወጣው ደሞዜም እግድ ስላልነበረው ተቆረጠ። እግድ ሲጣስ የሚቀርበው አቤቱታ ለብቻው እንደሚከፈልበትም ውሉ ላይ አልተጻፈም ነበር። ወደዚህ ቢሮ የምትሄዱ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለቱንም ጠይቁ፤ የማስታወቂያውን ፋክስ ቅጂም ለራሳችሁ ተቀበሉ።