ቅሬያችን የሚሰጠው የስፌት ሥልጠና፦ ጨርሼ የወጣሁ ሰው አስተያየት

ኮምቦልቻ ሆናችሁ ልጅ ይዛችሁ ቤት ለቀራችሁ እህቶች ነው የምጽፈው። የሰፈራችን ቅሬ ያዘጋጀውን የሦስት ወር የልብስ ስፌት ሥልጠና ባለፈው ወር ጨረስኩ። መመዝገቢያው ለአባል 300 ብር ነው፤ አባል ያልሆነም ይገባል።

ቅሬ ያልኩት ያው ቀባሪያችንን ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበትን ቤት ግማሹን ለቀው ስድስት የስፌት መኪና ተክለውበታል። ለቅሶ ከተነገረ ድስት የሚያወጡት ሰዎች በመሃላችን ይተላለፋሉ፤ እኛም ክሩን በጥሰን ተከትለን እንወጣለን። አራት ቀን እንዲህ ሄዷል። ለቅሶ መድረሱስ ደግ፣ ማካካሻው ግን የት አለ?

አሠልጣኟ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ከገቡት አንዷ ናት። የመጀመሪያውን ሳምንት ጨርቅ አላስነካችንም። ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ፣ ጠመዝማዛና ክብ መስመር ታሰምርና ያለ ክር በመርፌ እንድንበሳው ታደርጋለች። በእናቱ የእግር ሲንጀር ላደገ ሰው ይሄ በመብራት የሚሠራው መኪና ያስደነግጣል፤ ፔዳሉን ገና ስትረግጪው ይፈተለካል። «እግርሽን አታሳርፊበት፤ እንደ ፈላ ጀበና ነካ አድርገሽ ልቀቂው» ትለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ገባኝ።

እስከ መጨረሻው ያቆየኝ ግን ጓዳው ነው። አንዲት የቅሬው እናት ልጆቻችንን እዚያ ይይዙልናል፣ ያለ ክፍያ። ከዚህ በፊት ደሴ ሌላ ቦታ ተመዝግቤ፣ በየቀኑ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ፣ ልጄን የሚይዝልኝ አጥቼ በሁለተኛው ሳምንት ትቼው ነበር።

ቅሬታዬን ልናገር። ያለው ኦቨርሎክ፣ የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋው መኪና፣ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በመጀመሪያው ወር ተበላሽቶ እስክንወጣ አልተሠራም። ፋብሪካ ሲፈትኑሽ ደግሞ አንዱ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። የምስክር ወረቀቱ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና በራሳችን ከፍለን መፈተን እንዳለብን የሰማነውም ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ነው። ይሄ ገና ስንመዘገብ መነገር ነበረበት።

ሥራ እናስገባችኋለን ብለው ግን አልዋሹንም። የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪያችን፣ በመጀመሪያው ቀን «ሙያውን እኛ እንሰጣችኋለን፣ ሪዝቁ ከአላህ ነው» ብለው ዱዓ አደረጉልን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሜን አልን። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ዕቃ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ካስወጣች ከ2014 ወዲህ ወደዚያ የሚላክ ልብስ ቀረጡ ስለከበደ፣ ፋብሪካን ብቻ አትጠብቁ ብለው የመጨረሻውን ሦስት ሳምንት የተማሪ ዩኒፎርም ቆረጣ አስተማሩን። ከአሥራ ሁለታችን አምስቱ ፋብሪካ ገቡ።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከሰዓት በኋላ በቅሬው መኪና ዩኒፎርም እንሰፋለን፣ ኪራይ አይጠይቁንም። አሁን አርባ ጉርድ ቀሚስ ይዘናል። ጠርዙን ግን ገበያ ወስደን፣ ለአንዱ አሥር ብር እየከፈልን ኦቨርሎክ እናስመታለን። ዳኛችን ይህን ካነበቡት፣ እባክዎ ያቺን መኪና ያሠሩልን።