«የዕድሜ ልክ ቋሚ አይፒ» ልትገዙ ላሰባችሁ የባሕር ዳር ነጋዴዎች

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ ሱቅ፣ ፔንሲዮን፣ መጋዘን ወይም ካፌ ኖሯችሁ የደኅንነት ካሜራችሁን ከሩቅ ሆናችሁ በስልክ ለማየት የምትፈልጉ ወገኖቼ እኔ ለ«የዕድሜ ልክ ቋሚ አይፒ» (ለማይቀየር የኢንተርኔት አድራሻ) የከፈልሁትን 24,000 ብር እናንተም እንዳትከፍሉ ነው። ጉዳዩ ገና በሽምግልና ላይ ስለሆነ የሻጩን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ውል ይዘው የሚዞሩ ሌሎችም እንዳሉ ከጎረቤቶቼ ስለሰማሁ፣ ሰውየውን ከማወቅ ይልቅ የሚሸጠውን ነገር ማወቁ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ቤተሰባችን ከባሕር ዳር ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ ዘጠኝ ክፍል ያለው ፔንሲዮን አለው። እንግዶቻችን የዘጌን ገዳማት ለማየት ማልደው በጀልባ ሲሄዱ ሻንጣቸውን መቀበያው ክፍል ትተው ስለሚሄዱ፣ ባለፈው ዓመት አራት ካሜራና አንድ ዲቪአር (የካሜራዎቹን ምስል ቀድቶ የሚያስቀምጥ ዕቃ) አስገጠምን። እኔም በሥራ ምክንያት አዲስ አበባ ስለምመላለስ ከዚያ ሆኜ ማየት ፈለግሁ። ያን ጊዜ የኔትወርክ ዕቃ የሚሸጥና የሚገጥም አንድ ሰው መጥቶ ራውተሩን ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ይኼ መስመር የራሱ አድራሻ ስለሌለው ከውጭ አይከፈትም። በዓለም ላይ አድራሻ አልቋል፤ አሁን ካልያዙት በኋላ በዶላርም አያገኙትም» አለኝ። ከዚያም «የዕድሜ ልክ ቋሚ ፐብሊክ አይፒ፣ ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ» የሚል አንድ ገጽ ውል አወጣ፤ ፐብሊክ ማለት ከየትም የኢንተርኔት ቦታ በቀጥታ ሊጠራ የሚችል ማለት ነው። እኔም ገንዘቡን በባንክ አስተላለፍሁለት። የሽያጭ ደረሰኝ ስጠይቀው «ዋጋው ይጨምርብዎታል» ስላለኝ ተውሁት፤ እዚህ ላይ ስሕተቱ የራሴ ነው።

ሰውየው የተናገረው ነገር ግማሹ እውነት መሆኑ ነው ያታለለኝ። በኢንተርኔት ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ የሚጠራበት ቁጥር አይፒ አድራሻ ይባላል፤ አብዛኞቻችን እስካሁን የምንጠቀምበት አይፒቪ4 የተባለው ዓይነት ደግሞ በ32 ቢት (የ0 ወይም የ1 ቦታ) የተሠራ በመሆኑ ከ4,294,967,296 በላይ አድራሻ ሊኖረው አይችልም። ይህ ቁጥር ከዓለም ሕዝብ ያነሰ ነው። የዓለም አቀፉ የአድራሻ ማከማቻ የመጨረሻዎቹን አምስት ትላልቅ ክምችቶች አድራሻ ለሚያድሉት ለአምስቱ የአህጉራት መዝጋቢዎች ያከፋፈለው እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2011 ነበር። የእኛ አህጉር መዝጋቢ መቀመጫውን በሞሪሸስ ያደረገው አፍሪኒክ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ቁጠባ ደንብ ገብቶ፣ ከጥር 2020 ጀምሮ ደግሞ ለአንድ ጥያቄ ከ1,024 አድራሻ በላይ የማይሰጥበት ደረጃ ላይ ደርሷል። አንድ ሙሉ የኢንተርኔት ድርጅት አመልክቶ የሚያገኘው ከፍተኛው መጠን ይህ ነው እንግዲህ።

ዕጥረቱ ገበያም ፈጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ማይክሮሶፍት ከከሰረው ኖርቴል ኩባንያ 666,624 አድራሻዎችን በ7.5 ሚሊዮን ዶላር የወሰደ ሲሆን፣ ሲካፈል አንዱ 11 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይመጣል። አማዞን ደግሞ በኪራይ ሰርቨሮቹ (በኢንተርኔት በኩል በሚያከራያቸው ኮምፒውተሮች) ላይ ለሚያዝ ለእያንዳንዱ ፐብሊክ የአይፒቪ4 አድራሻ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል፤ በወር ሲታሰብ ሦስት ዶላር ተኩል ያህል ነው። እኔ እነዚህን ቁጥሮች ያወቅኋቸው ገንዘቡን ከከፈልሁ በኋላ ነው። አስቀድሜ ባውቃቸው ኖሮ፣ ዓለም በሰዓት እየቆጠረ የሚያከራየውን ነገር አንድ የከተማችን ዕቃ ገጣሚ እንዴት ለዕድሜ ልክ ሊሸጥልኝ ቻለ ብዬ በጠየቅሁ ነበር።

ደግሞስ አድራሻው የማን ንብረት ሆኖ ነው የሚሸጠው? መዝጋቢው ለአባል ድርጅቶች የሚሰጠው የመጠቀም መብትን ነው፤ እነርሱም በየዓመቱ ይከፍሉበታል። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪያችን ለእኛ ሲሰጠን የሚያውሰን ወርኃዊ ሂሳባችንን እስከከፈልን ድረስ ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ አድራሻው ወደ ሰጪው ይመለሳል። «የዕድሜ ልክ» የሚል ውል የሚፈርም ሰው የሌለውን መብት እየሸጠ ነው።

አሁን ደግሞ ካሜራችን ከውጭ ለምን እንዳልተከፈተ ላስረዳ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ነገ በሌላ ስም ይሸጥለታልና። አድራሻ ሲያንስ አገልግሎት ሰጪዎች አንዱን ፐብሊክ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ፤ ለየደንበኛው የሚሰጡት የውስጥ ቁጥር ነው። ልክ እንደ እኛ ፔንሲዮን ማለት ነው፤ የመቀበያው ስልክ አንድ ነው፣ ክፍሎቹ ግን ዘጠኝ ናቸው። ከክፍል አራት ያለው እንግዳ ወደ ውጭ ቢደውልና መልሰው ቢደውሉለት፣ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ማን እንደደወለ ስለምታስታውስ ታገናኛለች። ከውጭ በራሱ ጊዜ የደወለ ሰው ግን የክፍሉን ቁጥር ካልተናገረ ወደ የትኛው ክፍል እንደምታስተላልፈው አታውቅም። የእኔ ዲቪአርም በዚህ ምክንያት ከአዲስ አበባ ሲጠራ አይሰማም ነበር።

ሰውየው ታዲያ ምን አደረገ? ከዲቪአሩ አጠገብ የክብሪት ሣጥን ሁለት እጥፍ የምታህል ጥቁር ዕቃ አስቀመጠ፤ በራውተሩ ጀርባ ላይም አንድ ቁጥር በሰማያዊ እስክርቢቶ ጽፎ በፕላስተር ለጠፈ። ቁጥሩን በስልኬ ስከፍተው የመቀበያው ክፍል ወለል ብሎ ታየኝ፤ ደስ ብሎኝ ለሁለት ጎረቤቶቼ አሳየኋቸው። ለአራት ወራት ያህል ሠራ። ከዚያ አንድ ምሽት አዲስ አበባ ሆኜ ያንኑ ቁጥር ስከፍት በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ የሌላ ሰው የመግቢያ ገጽ መጣ፤ የሚታየው የአንድ የውጭ አገር ሱቅ ዓርማ ነበር። ስልኩን ደጋግሜ ዘግቼ ከፈትሁት፤ ለውጥ የለም።

የእህቴ ልጅ በሳምንቱ መጥቶ የራውተሩን ገጽ ሲከፍት በኢንተርኔት መስመሩ በኩል የተሰጠው አድራሻ በ100.72 የሚጀምር ሆኖ አገኘው። ከ100.64 እስከ 100.127 ድረስ ያለው ክልል ለእንዲህ ዓይነቱ መጋራት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 የተለየ ነው፤ ፐብሊክ አይደለም። በፕላስተር የተለጠፈው ቁጥር ውጭ አገር ያለ የኪራይ ሰርቨር አድራሻ ነበር። ጥቁሯ ዕቃ የካሜራዬን ምስል ወደዚያ ሰርቨር ትልካለች፤ እኔም የማየው በእርሱ በኩል ዞሮ ነው። ሰውየው የሰርቨሩን ኪራይ መክፈል ሲያቆም አድራሻው ለሌላ ደንበኛ ተሰጠ። ገንዘቡ ቢያናድደኝም ከሁሉ በላይ የከበደኝ ሌላ ነው፤ ለአራት ወራት የእንግዶቼ መግባትና መውጣት በማላውቀው ሰው ሰርቨር ውስጥ ሲያልፍ ነበር።

በሰርቨሩ በኩል ለውጭ ክፍት ሆኖ የቆየው ዲቪአር የይለፍ ቃል ደግሞ ከፋብሪካ እንደመጣ ነበር፤ ሰውየው አልቀየረውም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር የፋብሪካ ይለፍ ቃላቸው ያልተቀየሩ ካሜራዎችን፣ ዲቪአሮችንና ራውተሮችን በገፍ ማርኮ፣ በጥቅምት ወር የድረ ገጾችን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚመራውን ዳይን የተባለ ድርጅት ሲያጠቃ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት መክፈት አልተቻለም ነበር። ስለዚህ እውነተኛ ፐብሊክ አይፒ ብታገኙ እንኳ ዲቪአሩን እንዳለ ከውጭ መክፈት በሩን ሳይቆልፉ እንደ መተኛት ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ስልካችሁን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኙና (የሞባይል ዳታውን አጥፉት፤ አለዚያ የሌላ መስመር ውጤት ታያላችሁ) «የእኔ አይፒ ስንት ነው» የሚል ገጽ ከፍታችሁ የሚታየውን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ የራውተሩን ገጽ ከፍታችሁ በኢንተርኔት መስመሩ በኩል የተሰጠውን ቁጥር ተመልከቱ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ፣ ወይም የራውተሩ ቁጥር በ10፣ በ192.168፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ ራውተራችሁ ፐብሊክ አድራሻ አልያዘም። ከራውተሩ ፊት ሌላ የፋይበር ሞደም ካለ መጀመሪያ የእርሱን ገጽ እዩ፤ መጋራቱ እዚያው ቤት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «አሁን ሠራ» ሲላችሁም ይህንኑ ንጽጽር በፊታችሁ ደግሞ እንዲያሳይ ጠይቁት፤ ካሜራው በስልክ መታየቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። «ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ልግጠምልዎት» ካላችሁም ተጠንቀቁ፤ እርሱ ለሚቀያየር ፐብሊክ አድራሻ ስም ይሰጣል እንጂ ለተጋራ አድራሻ በር አይከፍትም።

በእርግጥ ቋሚ ፐብሊክ አድራሻ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ መስመሩን ከሰጣችሁ ድርጅት በቀጥታ፣ በወርኃዊ ክፍያና በደረሰኝ ጠይቁ። ለካሜራ ብቻ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልጋችሁም፤ ብዙ ዲቪአሮች በአምራቹ መተግበሪያ በኩል ራሳቸው ወደ ውጭ ደውለው ይገናኛሉ፤ በፔንሲዮኑ ምሳሌ እንግዳው ከክፍሉ ራሱ እንደመደወሉ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ የእኛን በሃያ ደቂቃ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ አዲስ የይለፍ ቃል አስገብቶ አስተካከለው። በዚህም መንገድ ምስሉ በአምራቹ ሰርቨር ሊያልፍ እንደሚችል አውቃችሁ ካሜራውን ወደ መኝታ ክፍሎች አታዙሩት። ለወደፊቱ ዘላቂው መፍትሔ በ128 ቢት የተሠራው አይፒቪ6 ነው፤ የአድራሻው ብዛት 340 ላይ 36 ዜሮ ቢጨመር የሚመጣውን ቁጥር ያህል ነው። መስመራችሁ ይህን የሚሰጥ መሆኑን አገልግሎት ሰጪያችሁን መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ሻጩ እስካሁን 10,000 ብር መልሶ ለቀሪው «ሌላ አድራሻ ልስጥዎት» ብሏል፤ እኔም አልተቀበልሁም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ ሽምግልናው ካልሰመረ ለከተማው ንግድ መምሪያ አቤቱታ አቀርባለሁ። ለዚያም ብዬ ውሉን፣ የባንክ ማስተላለፊያውን፣ ጥቁሯን ዕቃና ፕላስተሩን ሳልላጥ ከነራውተሩ አስቀምጫለሁ። እናንተም «የዕድሜ ልክ» የሚል ተመሳሳይ ውል ፈርማችሁ ከሆነ፣ ወረቀቱን እንዳትጥሉ፤ ዕቃውንም ሻጩ «ልጠግነው» ብሎ እንዲወስደው አትፍቀዱ።