የሻወር ቤት ጣሪያ ልስን፦ ሲሚንቶ ወይስ ጂፕሰም?

አዳማ ውስጥ የሻወር ቤቱን ኮንክሪት ጣሪያ ራሱ ሊለስን የተነሳ ሰው እዚህ ጥያቄ ላይ መቆሙ አይቀርም።

ወጪ፦ ክፍሏ ትንሽ ስለሆነች ልዩነቱ ብዙም አያስጨንቅም።

ቅለት፦ ለጀማሪ እጅ ጂፕሰም ይሻላል። ቀላል ነው፣ በስሱም ይያዛል። ችግሩ ቶሎ መድረቁ ነው። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ያቡኩ። ዱቄቱን ውሃው ላይ ይነስንሱ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አያፍስሱ። ባልዲውንም በየዙሩ ይጠቡ፤ ባልዲው ላይ ደርቆ የቀረው ጂፕሰም የአዲሱን መድረቅ ያፈጥነዋል።

ሲሚንቶ ጊዜ ይሰጣል፤ ግን ይከብዳል። አንዴ በወፍራሙ ከለሰኑት ተላቆ ይወርዳል። በሁለት ስስ ዙር፣ እያንዳንዱን ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ያድርጉት። የዓይን መነጽር የግድ ነው፤ ሲሚንቶ ዓይን ያቃጥላል።

ስጋት፦ ጂፕሰም እርጥበት አይችልም፤ ይላላል፣ ይላጣል። ሲሚንቶ እንፋሎቱን ይቋቋማል። የአዳማ ሙቀትና ንፋስ ግን ቶሎ አድርቆ ይሰነጥቀዋል፤ 7 ቀን ያህል ውሃ ይርጩበት።

በሁለቱም ልስኑ እንዲይዝ ለስላሳውን ኮንክሪት መጀመሪያ ያሻክሩት፣ አቧራውን ይጥረጉ።

መስኮት ላለው፣ ቶሎ ለሚደርቅ ክፍል ጂፕሰም ይበቃል። ሙቅ ውሃ በየቀኑ ለሚፈስበትና መስኮት ለሌለው እኔ ሲሚንቶን እመርጣለሁ። ከላይ ውሃ የሚያሰርግ ከሆነ ግን ፍሳሹ ሳይጠገን አንዱንም አይጀምሩ።