ገመድ፣ ካርድ ሪደር ወይስ ዋይፋይ? ፎቶ ከካሜራ ወደ ኮምፒውተር ለሚያሻግሩ የድሬዳዋና የሐረር ገዢዎች

ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ተቀምጦ ሰርግ፣ ምርቃት ወይም የጎብኚዎች ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከካሜራው ቀጥሎ ሊገዛው የሚገባው ዕቃ ጥሩ ካርድ ሪደር፣ ማለትም ከካሜራው የወጣውን ሚሞሪ ካርድ ኮምፒውተር ላይ ማንበቢያ ነው። ከካሜራው ካርቶን የሚወጣው ገመድ ሁለተኛ ይመጣል። ዋይፋይ ሦስተኛ ነው፤ እሱም ለአንድ የተለየ ሥራ ብቻ። ብዙ ሰው ይህን ምርጫ በፍጥነት ብቻ ይወስናል። ፍጥነቱን እኔም እቆጥራለሁ፤ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ፎቶ የጠፋ ቀን በእጃችን ምን ይኖራል የሚለው ነው። ኒካሁም ቅልቅሉም እንደገና እንዲደረግ መጠየቅ አይቻልም።

ፍጥነቱ በቁጥር

ሦስቱንም በአንድ መለኪያ ልመዝናቸው፤ በሰርግ ውሎ የሞላ አንድ 32 ጊጋባይት ካርድ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ የጄፔግ ፎቶ ወደ 10 ሜጋባይት፣ አንድ የሮው (ካሜራው ያላቀናበረው) ፎቶ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ሊወስድ ስለሚችል በሁለቱም ዓይነት የሚያነሳ ሰው ይህን ካርድ በአንድ ቀን ይሞላዋል።

ያገለገሉ ሆነው የሚሸጡት እንደ ካኖን 600ዲ፣ 6ዲ እና 5ዲ ማርክ 3 ያሉ ካሜራዎች የገመድ ሶኬታቸው ዩኤስቢ 2.0 ነው። የዚህ ደረጃ ጣሪያ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት፣ ማለትም 60 ሜጋባይት ነው፤ በተግባር ግን ከ30 እስከ 40 ካገኙ መልካም ነው። በዚህ ልክ ካርዱ ወደ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚህ የሚዘገዩ ካሜራዎችም አሉ። ያንኑ ካርድ አውጥተው በዩኤስቢ 3.0 ሪደር ቢያነቡት ነገሩ ይለወጣል። ዩኤችኤስ-1 የሚባለው የተለመደው የኤስዲ ካርድ ዓይነት ጣሪያው በሴኮንድ 104 ሜጋባይት ሲሆን፣ በጥሩ ካርድ ከ80 እስከ 90 ማግኘት የተለመደ ነው። ሥራው በ6 ወይም በ7 ደቂቃ ያልቃል። በዋይፋይ በሴኮንድ ከ2 እስከ 5 ሜጋባይት ቢያገኙ ያው 32 ጊጋባይት ከሁለት ሰዓት ገደማ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

እዚህ ላይ ለገመዱ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። እንደ ሶኒ ኤ7 3 እና ካኖን አር6 ያሉት ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌለው) ካሜራዎች ታይፕ ሲ ሶኬታቸው ፈጣን ስለሆነ በፍጥነት በኩል ከሪደር ጋር ይቀራረባሉ። እንዲህ ያለ ካሜራ ያለው ሰው ለፍጥነት ብሎ ብቻ ሪደር አይግዛ።

ካርዱ ላይ 170 ወይም 200 ሜጋባይት የሚል ቁጥር ሲያዩ ደግሞ ጠንቀቅ ይበሉ። ዩኤችኤስ-1 ሆኖ ከ104 በላይ የሚል ካርድ ያን ፍጥነት የሚሰጠው ለዚያው አሠራር ተብሎ በተሠራ ሪደር ላይ ነው። በተለመደ ሪደር ወደ 90 ገደማ ይመለሳል። ለቁጥሩ ተብሎ የሚጨመር ገንዘብ ሁለተኛ ካርድ ቢገዛበት ይሻላል።

ፍጥነቱን የሚወስነው ኮምፒውተሩም ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ከመግዛቱ በፊት የራሱን ሶኬቶች ይመልከት። ውስጡ ሰማያዊ ከሆነ ወይም አጠገቡ ኤስኤስ የሚል ምልክት ካለበት አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 3.0 ነው። ሁሉም ጥቁር ሆነው ምልክት ከሌላቸው ፈጣኑም ሪደር በዩኤስቢ 2.0 ልክ ሊሄድ ይችላል። ቢሆንም 3.0ውን ይግዙ፤ ላፕቶፑ ሲቀየር ሪደሩ አብሮ ይሻገራል። በላፕቶፑ ጎን ያለው የካርድ ማስገቢያ ካለ እሱን በነጻ ይሞክሩት፤ ፈጣን ከሆነ ሌላ መግዛት አያስፈልግም። ይሁንና በብዙ ላፕቶፖች ይህ ማስገቢያ ከውስጥ የተያያዘው በቀርፋፋው መንገድ ነው፤ አዳዲሶቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ደግሞ ጨርሶ የላቸውም። ከ2016 እስከ 2020 የወጡት ማክቡክ ፕሮዎች የካርድ ማስገቢያ የሌላቸውና ታይፕ ሲ ብቻ ያላቸው በመሆናቸው፣ እነሱን የያዘ ሰው ታይፕ ሲ ሪደር ይፈልጋል።

ፎቶ የጠፋ ቀን

ሪደርን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ሻጮች ሲናገሩት ግን አይሰማም።

ካሜራውን በገመድ ሲያገናኙ ኮምፒውተሩ በአብዛኛው የሚያየው ካሜራ የሚባል መሣሪያን እንጂ ዲስክን አይደለም። ካሜራው በመሐል ቆሞ ያሉትን ፎቶዎች እየመረጠ ያቀብላል። የጠፋ ፎቶ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ደግሞ ካርዱን ራሱን፣ እንደ ፍላሽ በዲስክ ፊደል ተከፍቶ ማየት አለባቸው። ይህን የሚሰጣቸው ሪደር ነው።

ፎቶ ሲጠፋ ወዲያውኑ ከካርዱ ላይ አይነቀልም። የሚጠፋው ማውጫው ላይ ያለው ምዝገባ ነው፤ ምስሉ ሌላ ፎቶ በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ካሜራ ላይ በስህተት የተደረገ ፎርማትም ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ስለዚህ ፎቶ የጠፋበት ሰው በዚያ ካርድ ማንሳት ያቁም፣ ካርዱን ያውጣና ምንም እንዳይጻፍበት የጎኑን መቆለፊያ ወደታች ይግፋ፣ ከዚያ በሪደር ያገናኘው። ፎቶሬክ የሚባለው ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ሲሆን ለዚህ ሥራ በቂ ነው። የተገኙትን ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተሩ እንጂ ወደዚያው ካርድ መመለስ አይገባም። ሪደር የሌለው ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቆማል።

የሐሰት ካርድ ጉዳይም እዚሁ ይገባል። 128 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ካርድ ውስጡ ስምንት ወይም አሥራ ስድስት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ላይ 128 ብሎ ይታያል፣ ፎቶውንም የሚቀበል ይመስላል፤ ከእውነተኛው መጠን ያለፈው ግን ሁሉ የተበላሸ ነው። ኤች-ሁለት-ቴስት-ደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ካርዱን እስከ ዳር ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይህን ያጋልጣል። እሱም ቢሆን በሪደር እንጂ በካሜራ ገመድ አይሠራም። አዲስ ካርድ የገዛ ሰው ሰርግ ይዞት ከመውጣቱ በፊት ይህን ሙከራ ቢያደርግ እመክራለሁ፤ ባዶውን ካርድ መፈተን የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋም ልዩነቱ ይታያል። በዴስክቶፕ የሚሠራ ፎቶ ቤት ግልበጣው ሳያልቅ መብራት ቢሄድበት፣ ፎቶው ካርዱ ላይ እስካለ ድረስ የሚያጣው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ቢሆን ኮፒ እንጂ ከት አያድርጉ። የፋይሎቹን ብዛት ካርዱ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፣ ሁለተኛ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ካርዱን በራሱ በካሜራው ላይ ፎርማት ያድርጉት። በገመድ ሲሆን ተጨማሪ ስጋት አለ። ቀኑን ሙሉ የሠራ የካሜራ ባትሪ ግልበጣው መሐል ሊያልቅ ይችላል፤ ብዙዎቹ የቆዩ ካሜራዎች ደግሞ በዚያ ገመድ ኃይል አይሞሉም። ሪደር ኃይሉን ከኮምፒውተሩ ስለሚወስድ ባትሪው እዚያው በጊዜው ቻርጅ ላይ ሊሆን ይችላል።

ገመዱ የሚያሸንፍበት ቦታ

ካርዱ በየፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ሲገባ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። በገመድ የተገናኘ ካሜራ እንደ ዲስክ ስለማይታይ፣ ራሳቸውን በየፍላሹ የሚያባዙት የተለመዱት ቫይረሶች በቀላሉ አያገኙትም። የማያምኑት ኮምፒውተር ላይ ለሕትመት ፎቶ የሚያወርድ ሰው ገመዱን ቢይዝ ትክክል ነው። ሪደር ብቻ ካለው የካርዱን መቆለፊያ ይዝጋ።

ሁለተኛው ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ነው። እንደ ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ያሉ ካሜራዎች የሚጠቀሙበት ይህ ካርድ 50 ቀዳዳዎች ሲኖሩት፣ በካሜራው ውስጥ ደግሞ 50 ቀጫጭን መርፌዎች አሉ። ካርዱ ጠምሞ ሲገባ መርፌ ይታጠፋል፤ ጥገናው ከባድ ነው። ባለቤቱ ካርዱን ባወጣና ባስገባ ቁጥር ይህን አደጋ ስለሚጋፈጥ ገመዱን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

በኤስዲ ካርድ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። በገመድ የሚያልቀው የካሜራው ሶኬት ነው፤ ሶኬቱም ከውስጥ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ ነው። በሪደር የሚያልቀው ርካሹ ሪደር ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ካርድ ያበላሻል ሲባል እሰማለሁ፤ የኤስዲ ካርድ እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ የከተማችን ፀሐይ ለብቻዋ አታበላሸውም። ሊፈራ የሚገባው አቧራው ነው። የካሜራውን የካርድ በር ሜዳ ላይ አይክፈቱ፤ ቤት ገብተው ይክፈቱት፤ ሪደሩንም ክዳን ባለው ነገር ይያዙት።

ገመድ ሲገዙ የሶኬቱን ዓይነት ሳይለዩ አይሂዱ። የቆዩት ብዙ ካኖኖች ሚኒ ዩኤስቢ ይወስዳሉ፤ ይህም ዛሬ ከስልክ ገመዶች መካከል አይገኝም። ብዙዎቹ የቆዩ ኒኮን ኩልፒክሶች ደግሞ ዩሲ-ኢ6 የሚባለውን ባለ 8 እግር ገመድ ይፈልጋሉ። ኃይል ብቻ የሚያስተላልፉ፣ ፎቶ የማያሻግሩ ገመዶችም በገበያው ሞልተዋል፤ በመልክ አይለዩም።

ዋይፋይ ለማን?

ሐረር ማታ ጅብ ሲመገብ ያየ እንግዳ ፎቶውን የሚፈልገው ያኔውኑ፣ በስልኩ ነው። ለአስጎብኚውና ለእንግዳው ፎቶ ለሚያነሳው ሰው የካሜራው ዋይፋይ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል፤ አምስት ስድስት ፎቶ ተመርጦ፣ ተልኮ ያልቃል። ኢንተርኔትም ሆነ የሞባይል ሂሳብ አይጠይቅም፤ ካሜራው የራሱን ኔትወርክ ፈጥሮ ከስልኩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ብዙ ገዢ ዳታ የሚበላ እየመሰለው ይህን ሳይጠቀምበት ይቀራል። ነገር ግን ባትሪ ይበላል፤ ሮው ፎቶን እንዳለ የማያሻግሩ ካሜራዎችም አሉ። ስናፕብሪጅ የሚባለው የኒኮን የስልክ መተግበሪያ በብሉቱዝ በራሱ የሚቀበለው ወደ 2 ሜጋፒክስል የተቀነሰ ቅጂ ነው። ለቴሌግራም ይበቃል፤ ለአልበም ሕትመት ግን አይሆንም። ዋይፋይ አለው ተብሎ ለካሜራ ብዙ ብር መጨመር ለሰርግ ሠራተኛ አያዋጣም።

ለስልክ ሌላ መንገድ አለ፤ በአንድ ጫፉ ታይፕ ሲ፣ በሌላው የተለመደው ዩኤስቢ ያለው ሪደር። ኮምፒውተር ላይም ስልክ ላይም ይሰካል፤ ፎቶውን ሙሉ መጠኑን ጠብቆ ያሻግራል። ከ2023 የወጣው አይፎን 15 ጀምሮ ያሉት አይፎኖችም ይቀበሉታል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ግን የራሳቸውን ማገናኛ ይፈልጋሉ። አንድ ዕቃ ብቻ የምመክር ቢሆን ይህን እመክር ነበር።

ሱቅ ውስጥ

ድሬዳዋ ታይዋንም ሆነ ሐረር ሸዋ በር ቢገዙ፣ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከዋጋው በፊት ዕቃውን ይፈትኑ። ኤስዲኤችሲ ብቻ የሚል የቆየ ሪደር እስከ 32 ጊጋባይት ላለው ካርድ የተሠራ ነው፤ 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነው ካርድ ኤስዲኤክስሲ ስለሆነ ላያነበው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ዊንዶውስ ካርዱ ፎርማት ይደረግ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ እንዳይሉት። ካርዱ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ሪደር ላይ ይሞክሩት።

ቅጂው ሌላ ቦታ የተቀመጠ፣ ፎቶ ያለበትን የራስዎን ካርድ ይዘው ይሂዱ። ሪደሩን በሻጩ ኮምፒውተር ሰማያዊ ሶኬት ላይ ሰክተው አንድ ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ። ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ውስጥ ካለቀ፣ ሪደሩ በእርግጥ ዩኤስቢ 3.0 ነው። ካርድዎ ፈጣን ሆኖ ሳለ ግማሽ ደቂቃ ከወሰደ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን እንደ 2.0 ዕቃ ይከራከሩበት። በመጨረሻ ካርዱ ገብቶ ሳለ ሪደሩን በቀስታ ነቅነቅ ያድርጉት፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ሌላ ያስመጡ። ሻጩ ይህን ሙከራ ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።